ከነጋሪት እስከ ዝክረ ሕግ፤ የጎጃም ገበሬና ሕግ አውጪዎቹ

ከደምበጫ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚያቀና መንገደኛ ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳን ያልፍና ቡሬ ይገባል። ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ከሆነ ግራና ቀኙ በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ ነው፤ ወደ ቡሬ ሲጠጉ ደግሞ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ዓይን ይስባል። አገሩ ላየው የጠገበ ነው። የዚህ አገር ገበሬ ግን ስለ እህሉ ሳይሆን እህሉ ስለበቀለበት መሬት የተጠየቀ እንደሆነ ወጉ ይለወጣል። ማን ለካው? ማን ገመተው? ማን ቆርሶ ለማን ሰጠው? በማን አዋጅ? እያለ ወደ ኋላ ይቆጥራል። አባቱም አያቱም በዚሁ ጥያቄ ከመንግሥት ጋር ሲሟገቱ ኖረዋልና።

እንደሚታወቀው በአንድ አገር ሕግ የሚያወጣ ምክር ቤት አለ ሲባል፣ ሕጉ የሚነካው ሰው በዚያ ምክር ቤት ውስጥ አፍ አለው ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ፓርላማ ጉልበት ያገኘው ንጉሡ ግብር ሲጠይቅ፣ ግብር ከፋዩ ደግሞ «መጀመሪያ ምክንያቱን ንገረኝ» ማለት በመቻሉ ነው። የአሜሪካ ቅኝ ተገዢዎችም በእንግሊዝ ላይ የተነሱት ወኪል በሌለን ምክር ቤት የተቆረጠ ግብር አንከፍልም በማለት ነበር። ለመሆኑ በእኛ አገር፣ በተለይም መሬትን እንደ ነፍሱ በሚያየው በጎጃም ገበሬ ዘንድ፣ የሕግ አውጪው ምክር ቤት ታሪክ ምን ይመስላል? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው። ለጥያቄው መልስ ፍለጋ ባሕር ዳር የሚሰበሰበውን የአማራ ክልል ምክር ቤት ከመመልከታችን በፊት ግን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል።

በሰላም መንገድ የመጣው ግብር

ፍኖተ ሰላም በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። የከተማይቱ የቀድሞ ስም ወጀት ሲሆን፣ የአሁኑን ስሟን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው፣ በበላያ ተራራ በኩል ወደ መሀል ጎጃም ሲገቡ የተጓዙት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። የኢጣሊያ ጦር የካቲት ላይ ቡሬን ለቀቀ፤ ደምበጫ ላይ ውጊያ ሆነ፤ መጋቢት መጨረሻ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። አምስቱን ዓመት በዱር በገደሉ ሲዋጋ የከረመው የጎጃም አርበኛ አገሩ መንግሥቱን መልሶ ሲያገኝ ያየው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

የተመለሰው መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው ሠራዊትና ሲቪል ሠራተኛ ነበረውና ገንዘብ ፈለገ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ የሚያስገብር አዋጅ ወጣ። በጎጃም ግን መሬት በጋሻ የሚቆጠር አልነበረም። መሬት ርስት ነው፤ ርስት ደግሞ ከአንድ አቅኚ አባት በዘር ሐረግ እየተቆጠረ፣ በወንድም በሴትም ወገን የሚወረስ፣ ማንም ከዘሩ የሆነ ሁሉ ተሟግቶ ድርሻዬን ሊል የሚችልበት የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ ገመድ ይዞ የመጣ ለኪ ለጎጃሜ ግብር ተማኝ ብቻ አልነበረም። ዛሬ የተለካ ነገ ይወሰዳል፤ በሥርዓቱ የተለካባቸው የደቡብ አገሮች ገበሬዎች ጭሰኛ ሆነው መቅረታቸውን ሰምቷል። በመሆኑም አልለካም አለ።

ነገሩ እየከረረ ሄደና በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ጎጃምን፣ ትግራይንና በጌምድርን ከአዲሱ ተመን ለይቶ ከጠላት ወረራ በፊት በነበረው ልክ እንዲገብሩ ፈቀደ። በ1940ዎቹ መጀመሪያም መለካት ዳግም ተሞክሮ ዳግም ከሸፈ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህን ልዩ መብት ለጎጃም ያስገኘለት በምክር ቤት የቆመለት እንደራሴ አለመሆኑ ነው። ያስገኘለት የራሱ እምቢታ ነው። ገበሬው ከዚህ አንድ ትምህርት ቀሰመ፤ ሕግ የሚሻሻለው በምክር ቤት ሳይሆን በሜዳ ነው የሚል።

የ1960ው አዋጅና ሁለቱ ምክር ቤቶች

አገሪቱ ፓርላማ አልነበራትም ማለት አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቋቁሞ ነበር። የሕግ መምሪያውን አባላት ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሚመርጡለት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ለወጠና ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም እንዲመርጥ ፈቀደ። ሁለት መቶ ሺህ ሕዝብ አንድ የምርጫ ክልል ሆኖ ሁለት እንደራሴ እንዲልክ ተደነገገና በ1950 ዓ.ም. 210 እንደራሴዎች አዲስ አበባ ገቡ።

ነገር ግን ለመመረጥ የሚቀርበው ሰው በምርጫ ክልሉ ውስጥ የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። የጃቢ ወይም የወምበርማ ገበሬ ለሚያውቀው ባለ ርስት ወይም ለአካባቢው ሹም ዘመድ ድምፁን ይሰጣል፤ ሰውየው አባይን ተሻግሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ምን እንደተናገረ፣ ስለ ምን እንደተከራከረ ለመራጩ የሚያደርስለት መንገድ አልነበረም። ጋዜጣ ወደ ገጠሩ አይደርስ፤ ቢደርስም የሚያነበው ጥቂት ነው።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በምክር ቤቶቹ ብዙ ካከራከረ በኋላ ጸድቆ ኅዳር ላይ የታወጀው ይህ ሕግ በሐሳቡ ሲታይ የማይረባ አልነበረም። ለዘመናት የኖረውን አሥራት ያስቀራል፤ በምትኩ እያንዳንዱ ገበሬ እንደ ምርቱ መጠን እንዲከፍል ያደርጋል፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይከፍላል። አዲስ አበባ ላይ የተማረው ሰው በጎ ለውጥ ነው ብሎ ሊቀበለው ይችላል።

ጎጃም ላይ ግን አዋጁ የደረሰው በሌላ መልክ ነው። ገማች ኮሚቴ ሊመጣ ነው ተባለ። ገማች መጣ ማለት ለኪ ይከተላል፤ ለኪ መጣ ማለት ርስት ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በመዋጮ ብዛትና በመሣሪያ ምዝገባ ጉዳይ ከሕዝቡ ጋር የከረረ ቅያሜ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ሞጣና ብቸና ላይ የተቀጣጠለው እምቢታ ወደ ዳሞትም ተዛመተ። ገማቾች ወደ ገጠር እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ገበሬው ከየሰበካው ተወካይ እየመረጠ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በዋርካ ጥላ ሥር እየተሰበሰበ፣ ተማምሎ መሪዎቹን ሾመ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ይህ ገበሬ «ምክር ቤት» የሚባለውን ነገር የማያውቅ አልነበረም። አውጫጭኝ ተቀምጦ ሌባ ሲያወጣ፣ ሸንጎ ላይ በላ ልበልሃ ሲሟገት፣ የሰበካውን ጉዳይ በሽማግሌ ሲጨርስ የኖረ ሕዝብ ነው። ያላወቀው የአዲስ አበባውን ምክር ቤት ነው። ያኛው ምክር ቤት በስሙ ሲመክር እሱ አልሰማም፤ እሱ በዋርካ ሥር ሲመክር ደግሞ ያኛው አልሰማውም። ለነገሩ ከሁለት ዓመት በፊት በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያመጹትን ገበሬዎች ሲያሳየን፣ ከልማድ ውጭ የተጠየቀ ግብር በጎጃም ምን እንደሚያስከትል በልብ ወለድ ነግሮን ነበር። የልብ ወለዱ የበዛብህ ትውልድ አገር ማንኩሳ ደግሞ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም መካከል ያለችው ይህችው ማንኩሳ ናት። ደራሲው የሰሙትን ሕግ አውጪዎቹ አልሰሙትም።

መንግሥት ጦር ላከ፤ በክረምቱም አውሮፕላን ጭምር ተሰማራ። ሕይወት ጠፋ፤ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ ግን የሸሸው ግብሩ ነው። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነስተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን መጡ። ንጉሠ ነገሥቱም ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ። አዋጁን ያጸደቁት ምክር ቤቶች ተሰብስበው፣ ስሕተቱ ምን ላይ እንደነበር መርምረው ያሻሻሉት ግን አይደለም። ማረኝ ያለም፣ ምሬሃለሁ ያለም ሌላ ነው፤ ፓርላማው በመካከሉ የለም። ገበሬው የ1937ቱን ትምህርት አሁንም አጸናው።

ሸንጎ በአዋጅ

ከዚያ በኋላ በመሬት ጉዳይ ከሁሉ የሚልቀው ሕግ የመጣው ምንም ዓይነት ምክር ቤት በሌለበት ወቅት ነው። ደርግ መስከረም 1967 ዓ.ም. ፓርላማውን ዘጋ፤ የካቲት 25 ቀን ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ አወጣ። በደቡብ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣው ይህ አዋጅ በጎጃም የርስትን ክርክር በአንድ ቀን ቆረጠ። የርስት ቆጠራው ቀርቶ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የመሬት አከፋፋይ ሆነ። ይህ ሊቀ መንበር በኋላ ስለሚመለስ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጸድቆ 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ። ጎጃምም ለሦስት ተከፍላ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል የሚባሉ አካባቢዎች ሆነች፤ የአስተዳደርና የራስ ገዝ አካባቢዎች የየራሳቸው ሸንጎ እንዲኖራቸው ተደነገገ። እንግዲህ ለምዕራብ ጎጃም ሰው የአዲስ አበባ ያልሆነ፣ በወረቀት ላይ የራሱ የሆነ ምክር ቤት ሲታሰብለት የመጀመሪያው ይህ ነው። ይሁን እንጂ ዕጩውም አቅራቢውም ኢሠፓ በሆነበት፣ ጦርነቱም ወጣቱን ጠራርጎ በሚወስድበት ዘመን ሸንጎው ሥር ሳይሰድ መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ።

ክልል ሦስትና ባሕር ዳር

በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች ከፈለ። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ከፊል ወሎና ሰሜን ሸዋ በአንድ ላይ ክልል 3 ሆኑ፤ መተከል ወደ ሌላ ክልል ሄደ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ተካሄደ። በ1987 ዓ.ም. ክልሉ የራሱን ሕገ መንግሥት አጸደቀ፤ አዋጆቹም «ዝክረ ሕግ» በሚባል የክልሉ ጋዜጣ መውጣት ጀመሩ። ለፍኖተ ሰላም ሰው ሕግ የሚወጣበት ቦታ ከ390 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀረበ። ሕጉ የሚጻፍበትም፣ የሚከራከሩበትም ቋንቋ አፉን የፈታበት ነው።

የምክር ቤቱ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። 294 ወንበር አለው፤ የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። ክልሉ በፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካለው 138 ወንበር ጋር ሲነጻጸር፣ አንድ የክልል ተመራጭ ከአንድ የፌዴራል ተመራጭ ያነሰ ሕዝብ ይዞ ለመራጩ ይበልጥ ይቀርባል ማለት ነው። ምክር ቤቱ በሕገ መንግሥቱ መሠረት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው። ከአባላቱ መካከል ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል፤ ርዕሰ መስተዳድሩ የሚያቀርባቸውን የቢሮ ኃላፊዎች ሹመት ያጸድቃል፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ይሾማል፤ በጀት ያጸድቃል፤ በክልሉ ሥልጣን ሥር ባሉ ጉዳዮች ሕግ ያወጣል። ከእነዚህ ጉዳዮች ዋነኛው ደግሞ የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ መሬትን ማስተዳደር ነው።

በተግባር ግን አብዛኛው ተመራጭ ቋሚ ሥራው ሌላ ነው። መምህር ነው፤ የወረዳ ሹም ነው፤ ገበሬም አለበት። በጉባኤ ቀን ባሕር ዳር ይሰበሰባል፤ ሪፖርት ይሰማል፤ ይጠይቃል፤ እጁን አውጥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ረቂቅ ሕግ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው በአብዛኛው አስፈጻሚው ነው። ከበጀቱም ትልቁ ድርሻ ከፌዴራል መንግሥት በድጎማ የሚመጣ ስለሆነ፣ ምክር ቤቱ በአብዛኛው ራሱ ያልሰበሰበውን ገንዘብ የሚደለድል ነው። ቀደም ሲል እንዳልነው የፓርላማ ጉልበት ከግብር ከተወለደ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የ1989ኙ ሽግሽግ

አዲሱ ምክር ቤት በገበሬው ቤት ውስጥ ገብቶ የታወቀው በአንድ ሕግ ነው። በ1989 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 16 የገጠር መሬት ይዞታ እንደገና እንዲደለደል አዘዘ። በጥር፣ በየካቲትና በመጋቢት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በዋነኛነት ሥራ ላይ ዋለ። ሕዝቡ «ሽግሽግ» አለው።

የአዋጁን መነሻ በቅንነት ማየት ይገባል። ከ1967 በኋላ የተወለደው ወጣት ለአካለ መጠን ደርሶ ሚስት ቢያገባም የሚያርሰው አልነበረውም፤ ባል የሌላት ሴት በራሷ ስም መሬት ማግኘት ይቸግራት ነበር። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሥልጣን የያዙ ሰዎች ለራሳቸውና ለዘመዶቻቸው ሰፊና ለም መሬት መያዛቸውም ሐሰት አይደለም። በሽግሽጉ መሬት ያላገኘ ወጣት አገኘ፤ ሴቶችም በስማቸው ይዞታ ያዙ። ለእነዚህ ሰዎች ምክር ቤቱ መሬት የሰጣቸው ምክር ቤት ነው።

ችግሩ በመለኪያው ላይ ነበር። ተራው ገበሬ እስከ 12 ጥማድ፣ ማለትም እስከ 3 ሄክታር፣ እንዲይዝ ሲፈቀድለት «ቢሮክራሲ» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባለው ግን ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ቢሮክራሲ የተባለው ማን ነው? በልባችን ያዝነው ያ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊው፣ የፍርድ ሸንጎው አባል ነው። ብዙዎቹ ሰብስቦ በመረጣቸው ሕዝብ ወይም በታዘዘ መንግሥት የተሾሙ ገበሬዎች ነበሩ። አንድ ሰው ዛሬ ባለው መሬት ስፋት ሳይሆን ትናንት በያዘው ወንበር ተለካ። ጎረቤትም በጎረቤት ላይ እየመሰከረ እንዲፈርጅ ተደረገ። በአንድ አጥቢያ የሚቀብር፣ በአንድ ማኅበር የሚጠጣ ሰው ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተው።

የጎጃም ገበሬ በዚህ ጊዜ እንደ አባቱ ጠመንጃ አላነሳም። አቤት አለ። አቤት ያለበት ቦታ ግን የሚያስገርም ነው። ሕጉን ያወጣው ባሕር ዳር ያለው ምክር ቤት ሆኖ ሳለ፣ በርካታ ገበሬዎች አባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡና ለማዕከላዊው መንግሥት አቤት አሉ። የግል ጋዜጦች ጉዳያቸውን ጻፉ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሽግሽጉን ተቃውመው ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ በተናቸው፤ የታሰሩም ነበሩ። ሽግሽጉ ግን አልቆመም።

እንግዲህ እናስተያይ። በ1960 ዓ.ም. ሕጉን አዲስ አበባ አወጣው፤ ገበሬው በአገሩ ጫካ ገባ። በ1989 ዓ.ም. ሕጉን ባሕር ዳር አወጣው፤ ገበሬው አዲስ አበባ ሄደ። ሁለቱም ላይ አንድ የጎደለ ነገር አለ። በሁለቱም ጊዜ ገበሬው «የመረጥኩት ሰው የት አለ?» ብሎ ወደ እንደራሴው ቤት አልሄደም። ሕጉ ደጁ ሲደርስ ወኪሉ ገና አልደረሰም ነበር።

የተሻሻለውና ያልተሻሻለው

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በ1994 ዓ.ም. የክልሉ ሕገ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 59 ተሻሻለ። ከዚያ በፊት የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚመራው የአስፈጻሚው መሪ ራሱ ነበር፤ ማለትም ሪፖርት አቅራቢውም፣ ሪፖርቱ ላይ ውይይት የሚመራውም አንድ ሰው ነው። ማሻሻያው ለምክር ቤቱ የራሱ አፈ ጉባኤ ሰጠው፤ አስፈጻሚውም «መስተዳድር ምክር ቤት» ተብሎ ለብቻው ተለየ። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉም ኮሚሽንም ተቋቋመ። የወረዳ ምክር ቤቶችም በቀመር የሚደለደል ጥቅል በጀት ማግኘት ጀመሩ።

በመሬትም በኩል ከሽግሽጉ የተገኘ ትምህርት ያለ ይመስላል። በ1992 ዓ.ም. የመሬት አስተዳደር ሕግ ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 133/1998 ተተካ፤ እሱም በአዋጅ ቁጥር 252/2009። የእነዚህ ሕጎች አቅጣጫ ከ1989ኙ የተለየ ነው። እንደገና መደልደል አብዛኛው የአካባቢው ባለይዞታ ካልፈለገው በቀር እንዳይሆን አደረጉ። ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አገኘ፤ ባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነም የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ አለበት። በሳጥኑ ግርጌ ከክርስትና እናቱ ነጠላ ጋር ደብተሩን አጣጥፎ ያስቀመጠ ገበሬ የምክር ቤቱን አፈ ጉባኤ ስም ላያውቅ ይችላል፤ የምክር ቤቱን ሥራ ግን በእጁ ይዟል። ለ60 ዓመታት በመለካት የተሸበረ ሕዝብ፣ ልኬቱ በስሙ ተጽፎ ሲሰጠው ለኪውን እንደ ጠላት አላየውም። ከዚህ የሚበልጥ የሕግ አውጪ ውጤት መጥቀስ ያስቸግራል።

ያልተሻሻለም አለ። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ቡሬን ካለፈ በኋላ ጥሊሊ ደርሶ አዊ ውስጥ ይገባል፤ ኮሶበር፣ ማለትም እንጅባራ፣ ይደርሳል። እንጅባራ የብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስለሆነች የተመረጠ የብሔረሰብ ምክር ቤት አላት። ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም እንዲሁ። የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ፍኖተ ሰላም ግን የተመረጠ የዞን ምክር ቤት የላትም። ዞኑ የክልሉ መስተዳድር ቅርንጫፍ ነው፤ አስተዳዳሪው ከላይ ይሾማል። ስለዚህ የጃቢ ጠህናን ወይም የቡሬ ገበሬ በወረዳው ምክር ቤትና በባሕር ዳሩ ምክር ቤት መካከል፣ ብዙ ጉዳዩ የሚወሰንበት ደረጃ ላይ፣ የሚጠይቀው ተመራጭ የለውም።

የታችኛውም ደረጃ ቢሆን ሌላ ችግር አለበት። በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ። ቁጥሩ ሲታይ ዋርካ ሥር የተሰበሰበውን የድሮ ሸንጎ ያስታውሳል። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. ምርጫ የተመረጡት የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ዘመናቸው ሲያልቅ፣ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ምርጫ ተራዘመ፤ ተመራጮቹም ውክልናቸው ካለቀ በኋላ ወንበራቸው ላይ ቆዩ።

ወንበሩና ወንበረተኛው

በምክር ቤቱ ውስጥ የተለያየ ድምፅ የመሰማቱ ታሪክ አጭር ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከ294ቱ ወንበሮች 188ቱን ኢሕአዴግ ሲያገኝ 106ቱን ቅንጅት አገኘ። በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. 294ቱም የገዢው ፓርቲ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጥቂት የአብን ተመራጮች ገቡ። ወንበሩ ሁሉ የአንድ ፓርቲ በሆነበት ጉባኤ ክርክሩ ያለቀው ከጉባኤው በፊት፣ በፓርቲው ስብሰባ ነው። ምክር ቤቱ የፓርቲውን ውሳኔ ወደ ሕግ የሚለውጥበት ደጃፍ ይሆናል።

ይህ ደጃፍ ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ከ1984 እስከ 2011 ዓ.ም. በነበሩት 27 ዓመታት ክልሉን የመሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ አቶ አዲሱ ለገሠ፣ አቶ ዮሴፍ ረታ፣ አቶ አያሌው ጎበዜና አቶ ገዱ አንዳርጋቸው። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባሉት አራት ዓመት ተኩል ብቻ ግን ምክር ቤቱ አምስት ርዕሰ መስተዳድሮችን መርጧል፤ ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ አቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ ዶክተር ይልቃል ከፋለና አቶ አረጋ ከበደ። ከእነዚህ መካከል ዶክተር አምባቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በስብሰባ እንዳሉ ተገድለዋል። ምክር ቤት መሪ የሚለውጠው መክሮበት ሲሆን ጥንካሬ ነው፤ መከራ ወይም ከሌላ ቦታ የተወሰነ ውሳኔ ሲያስገድደው ግን የሚታየው ድካሙ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የክልሉ ነገር ወደ መሣሪያ ዞረ። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በቀጣዩ ወር በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ ፍንዳታ ብዙ ሰዎች ሞቱ። የሰላም መንገድ የሚል ስም በተሸከመች ከተማ ይህ ሲሆን፣ የ1960ውን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ምን እንዳሰቡ መገመት አያዳግትም። የአሁኑ ግጭት ምክንያት ብዙና የተወሳሰበ ነው፤ በመሬትና በግብር ብቻ የሚፈታ አይደለም። ሆኖም በምክር ቤት ያልተነገረ ቅሬታ በምን አፍ እንደሚናገር የጎጃም ታሪክ አስቀድሞ ነግሮናል።

የሁለት አውቶቡስ ነገር

ምክር ቤት ሕንፃውና የወንበሩ ቁጥር ብቻ አይደለም። አንድ ገበሬ ሕግ ሲበድለው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ሰው በዚያ ወንበር ላይ ካለ፣ ምክር ቤት አለ ማለት ነው። የይዞታ ደብተሩ እንዳሳየን ባሕር ዳር ላይ የሚወጣ ሕግ ማንኩሳ ገጠር ድረስ ገብቶ የሰውን ስጋት ሊያቀል ይችላል። ሽግሽጉ እንዳሳየን ደግሞ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያለያይ ይችላል። ሁለቱንም ያወጣው አንድ ምክር ቤት ነው። ልዩነቱ ሕጉ የሚነካው ሰው አስቀድሞ የመሰማቱና ያለመሰማቱ ጉዳይ ነው።

ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የሚነሱ አውቶቡሶች አቅጣጫቸው ሁለት ነው። አንዱ ወደ ምዕራብ ቡሬን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ይጠመዘዛል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ደምበጫንና ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ አባይን ወርዶና ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ይገባል። የመጀመሪያው መንገድ ከሁለተኛው በግማሽ ያጥራል። በ1989 ዓ.ም. አቤት ባዩ ገበሬ ረጅሙን መንገድ መርጧል። አጭሩ መንገድ ላይ የሚሰማኝ አለ ብሎ የሚሳፈር አቤት ባይ በበዛ ጊዜ፣ ያን ጊዜ ዝክረ ሕግ ከነጋሪት ተሻለ እንላለን።